ለአሲያ የተነገረ መርዶ

ቆቦ ውስጥ «ኡሙሃኒ ስትቆጣ ነው የምታምረው» የሚሉ ሰዎች አሉ። ውሸታቸውን ነው። ኡሙሃኒ ስትቆጣ አታምርም፣ ታስፈራለች። የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ሻሿ ወደ ማጅራቷ ይንሸራተታል፣ ድምጿ ከቀበሌው ግቢ ተነስቶ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይሰማል። በሺ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ቁጣዋን ያልሰማ የቆቦ ሰው ቢኖር ወይ ከአገር ወጥቶ ነበር ወይ ሞቶ ነበር። በዚያ ዓመት ደግሞ የሞተ ብዙ ነው።

ከሮቢት ወጣ ብሎ ካለ የማሽላ አገር ተወልዳ፣ ቆቦ ተድራ፣ ሁለቴ አግብታ ሁለቴ ፈታ፣ ልጅ ሳይቀርላት አርባ ዓመት እየተጠጋት ነበር። ከትልቅ ሰው ጋር ሳትጣላ ሁለት ቀን አትውልም። ልጅ ላይ ግን እጇን አንስታ አታውቅም። ለዚህ ነው የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሲፈልግ ምላሷን እየፈሩም ቢሆን እሷን የቀጠሯት።

መዋዕለ ሕፃናቱ ያለው ከአንድ የእህል ነጋዴ በተወረሰ ግቢ ነው። አዳራሹ ለልጆቹ ተሰጠ። የፊቱ ክፍል የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሆነ። ነጋዴው ማሽላ ያከማችበት የነበረው የቆርቆሮ መጋዘን ደግሞ እስር ቤት ተደረገ። አዎ፣ በደንብ ሰምታችኋል። ሕፃናትና እስረኞች በአንድ ግቢ! ጠዋት ጠዋት አርባ ሁለት ልጅ «ሀ ሁ» እያለ ሲጮህ እስረኞቹ በቆርቆሮው ሽንቁር ያዩታል። ይህን ያቀደ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ምን ይዞ ነበር ብትሉኝ አላውቅም። ኡሙሃኒ ግን «ገለባ» ትላለች።

ልጅ ደግሞ ያየውን ነው የሚጫወተው። በሌላ ዘመን ሙሽራ ሙሽራ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ያን ዓመት ጨዋታቸው «እርምጃ» ሆነ። የማሽላ አገዳ እንደ ጠበንጃ ይታቀፉና አንዱን ግድግዳ ሥር ያቆሙታል፤ «ጠሽ!» ይሉታል፤ ይወድቃል። ደረቱ ላይ የካርቶን ቁራጭ ያስቀምጡና ጥለውት ይሄዳሉ። አለቀ። የወደቀው ልጅ ፀሐይ ላይ ጋደም ብሎ ይቆያል፣ ማንም አያነሳውም። ኡሙሃኒ መጀመሪያ ያየች ቀን አገዳውን ሁሉ በጉልበቷ ሰባበረችው። ምን ዋጋ አለው? ጨዋታውን ከሽንት ቤቱ ጀርባ ወሰዱት።

ከእነዚህ ልጆች አንዷ አሲያ ናት፤ የልብስ ሰፊው የሰላሁዲን ልጅ፣ አምስት ዓመቷ። የልጆቹን ሰማያዊ ሽርጥ የሰፋው አባቷ ነው። ቀበሌው ያለ ኪስ አዝዞት ሳለ ለእያንዳንዱ ሽርጥ ትንሽ ኪስ አደረገለት። «ኪስ የሌለው ልብስ የልጅ ልብስ አይደለም፤ ጠጠሩን የት ያድርገው?» ብሎ ነው። ያን ሰው በምን ያዙት? ለጥገና ከመጣለት ኮት ኪስ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ ብለው። የኮቱን ባለቤት አላገኙትም፤ ቀዳዳውን ሊጠቅም የተቀመጠውን ያዙ። ቱ! ፍርድ ነው ይሄ?

የገደሉት በገበያ ቀን ነው። ሚስቱ መዲና ዋጃ ያለችውን እናቷን ጠይቃ፣ አሲያን ይዛ በአውቶቡስ ስትመለስ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ አብዮት ጥበቃዎች መኪናውን አስቆሙት። «ሁላችሁም ውረዱና የአብዮቱን ጠላት እዩ!» ተባለ። ሰው ወረደ። ከመንገዱ ዳር ሦስት ሬሳ ተዘርግቷል፤ ደረታቸው ላይ ካርቶን አለ። መካከል ያለው ሰላሁዲን ነው። «ግራ እጅ ወደ ላይ!» ተባለ፤ መፈክር ተጀመረ። ለፀረ አብዮተኛ ያለቀሰ ራሱም ፀረ አብዮተኛ ነው ተብሎ በድምፅ ማጉያ ከተለፈፈ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። መዲና ምን ታድርግ? በቀኝ እጇ የልጇን እጅ እንደያዘች ግራዋን ጨብጣ አነሳች። በባሏ ሬሳ ፊት ቆማ «ይውደም!» አለች።

«እማ፣ አባዬ ነው» አለች አሲያ።

«ተኝቶ ነው።»

«መንገድ ላይ?»

«ደክሞት ነው፣ ተኝቶ ነው። ዝም በይ አልኩሽ!»

እኔ መዲና ላይ አልፈርድም። የምፈርድበትን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ውሸት ተጨመረ። ሰላሁዲን አሰብ ሄዷል፤ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ተቀበለው። ባለሱቁ ለአሲያ ብስኩት ሲሰጣት «አባትሽ ከአሰብ ሲመጣ ይከፍለኛል» ይላል። ውኃ ቀጂዋ «ከአሰብ ጫማ ያመጣልሻል» ትላታለች። ክፋት አይደለም፤ በእኛ አገር ለልጅ ሞት አይነገርም። ልጅ አይሸከመውም ይባላል። መርዶ የትልቅ ሰው ነው፤ ሽማግሌ በማለዳ መጥቶ አስቀምጦ፣ ደግፎ ይነግረዋል። ልጅ ግን ሲያድግ ይደርስበታል ተብሎ ይተዋል። ራሷ ኡሙሃኒ፣ ያቺ እውነት ከአፏ የማይጠፋው ኡሙሃኒ፣ አንድ ቀን ጸጉሯን እያበጠረች «አባትሽ ከአሰብ ከረሜላ ያመጣልሻል» ብላታለች። ይህን ወደፊት አንረሳውም፤ እሷም አልረሳችውም።

እኩለ ቀን ሲያልፍ የቆላው ሙቀት ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። ልጆቹ የእርዳታ ፋፋቸውን በልተው ሰሌን ላይ ይደረደሩና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይተኛሉ። አሲያ ግን መተኛት ተወች። ሁሉም ማንኮራፋት ሲጀምሩ ተነስታ በየሰሌኑ እየዞረች የተኙትን ልጆች ዐይን በጣቷ ትፈለቅቃለች። «ተነስ! ተነሽ! ይጥሉሻል!» ትላለች። ሌሊትም እንዲሁ ናት። መዲና ዐይኗን ስትጨፍን የልጅቱ ጣት ሽፋሽፍቷ ላይ ነው። በሁለት ወር ልጅቱ ከሳች፤ ዐይኗ ጎደጎደ፣ ቆማ ሳለ ትወላገዳለች። ግድግዳ ተደግፋ እንኳ እንቅልፍ ሲወስዳት ራሷን በጥፊ መትታ ትነቃለች። የአምስት ዓመት ልጅ፣ ራሷን በጥፊ!

የቀበሌው ሊቀ መንበር ተሾመ በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን መዝሙር ሊያስጠና ይመጣል። አንድ ቀን በእንቅልፍ ሰዓት ገባና አሲያን ብቻዋን ቆማ አያት። «ይቺ ናት ንቁዋ! ሌላው ሲያንቀላፋ እሷ አብዮቱን ትጠብቃለች!» ብሎ ራሷን ዳበሳት። ኡሙሃኒ የፋፋውን ጭልፋ ጨብጣ ነበር። «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» የሚባለው እውነት ነው። ጭልፋውን ቶሎ ብላ ድስቱ ውስጥ ባትጨምረው ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው ሐሙስ ዕለት ነው። አሲያ የደምሴን ዐይን ስትፈለቅቅ ጥፍሯ ቆዳውን ጫረው፤ ደም ወጣ። ደምሴ ደግሞ የማን ልጅ ነው? መጋዘኑን የሚጠብቀው የአብዮት ጥበቃው የአለሙ። አለሙ ጠበንጃውን እንዳነገተ ሮጦ መጣና የልጁን ፊት ሲያይ «ምን አደረገችው ይቺ ጂኒ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጂን ይዟታል አለ፣ ሌላው ቡዳ አለ፣ ሌላዋ «የፀረ አብዮተኛ ዘር!» ብላ የማይባል ነገር አለች። ተሾመ ወጣና ፈረደ። «እስከ ሰኞ ካልተስተካከለች ትወጣለች። መዋዕለ ሕፃናቱ የእብድ ማቆያ አይደለም።»

ብትወጣ የት ልትውል ነው? መዲና የባሏ የስፌት መኪና ተወርሶባት ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። ልጅቱ የምትውለው መንገድ ዳር ነው፤ ያው አባቷ የተጋደመበት፣ ወታደር የጫነ መኪና ቀንና ሌሊት የሚበርበት መንገድ። ያውም እንቅልፍ እያንገላታት።

ሰው ሲበተን ኡሙሃኒ አሲያን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ለምንድነው የተኙትን የምትቀሰቅሺያቸው፣ እናቴ?»

አሲያ ብዙ አሰበች። «አባዬ መንገድ ላይ ተኝቶ ነበር» አለች። «እኔ አየሁት። እማ ዝም በይ ስትለኝ ጊዜ አልቀሰቀስኩትም። ከዚያ ወሰዱት።»

«የት ወሰዱት?»

«አሰብ።» ደግሞ አሰበችና «ብቀሰቅሰው ቤቱ ይመጣ ነበር» አለች።

ኡሙሃኒ ያን ጊዜ የተናገረችውን እርግማን እዚህ አልጽፈውም። አብዛኛው በራሷ ላይ ነበር።

ምክንያት አላት። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ በወሊድ ሞተችባት። ማን ነገራት? ማንም። «እናትሽ ጎብዬ እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ማሽላው ሲደርስ ትመጣለች» አሏት። ማሽላው ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። እናቷ አልመጣችም። «እንግዲህ በሚመጣው» አሏት። ኡሙሃኒ በየዓመቱ ወፍ መጠበቂያው ማማ ላይ ትወጣለች፤ ወፉን ትታ የጎብዬን መንገድ ታያለች። ወፍ ማሽላውን ፈጀው ተብላ ተገርፋበታለች። አሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ከአንዲት ልጅ ጋር በውኃ ጉድጓድ ገመድ ተጣሉና ልጅቱ «እናትሽ አፈር ሆና ሳለ አንቺ ማማ ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያታለሽ! አገር ይስቅብሻል!» አለቻት። አምስት ዓመት ሙሉ አገሩ ያውቅ ነበር፤ እሷ ብቻ አታውቅም ነበር። ያን ቀን ገመዱን ልጅቱ አንገት ላይ ጠመጠመችው፤ ሰው ነው ያስጣላት። ቁጣዋ የተወለደው እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ያየች ሴት ዞራ ለአሲያ «ከረሜላ ያመጣልሻል» ትበል? «አፌን አመድ ይሙላው!» አለች፤ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትል ዋለች።

ማታውኑ መዲና ቤት ሄደች።

«ለልጅሽ መርዶ ይነገራት» አለቻት፣ ሳትቀመጥ።

መዲና ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ቀና አላለችም። «እቴ ኡሙሃኒ፣ አብደሻል? ለልጅ?»

«ለልጅ! ተኝቶ ሳለ የወሰዱት መስሏታል። እሷ ስላልቀሰቀሰችው መስሏታል። ገባሽ? ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ነው የምትጠብቀን። አንቺንም የምትጠብቅሽ ለዚያ ነው።»

መዲና እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። «ብነግራት ታለቅሳለች» አለች። «ካለቀሰች ይሰማል። ከተሰማ ይወስዱኛል። እኔን ከወሰዱኝ ማን አላት? ወላሂ እኔስ ማልቀስ ሳልፈልግ ቀርቼ ነው? እንባዬን ስውጠው ሁለት ወር ሆነኝ፤ ጉሮሮዬ ቆስሏል።»

ኡሙሃኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ አይሁን። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ይሁን፣ በእኔ እጅ። ሲጠይቁ ኡሙሃኒ ናት ትያለሽ። እኔ የማስብለት ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። ይውሰዱኝ።»

መዲና ልብሱን ማሸት ቀጠለች። በማግስቱ ጠዋት ግን አሲያን ስታመጣ «እንዳልሽ» ብላ ሄደች።

የቀረው መርዶ ነጋሪ ነው። በቆቦ ይህን ሥራ የሚያውቁት ሸህ ሙሀመድሰይድ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ለእስላሙም ለክርስቲያኑም መርዶ ነግረዋል። የራሳቸው ሕግ አላቸው፦ ፀሐይ ሳይወጣ ይመጣሉ፤ ከመናገራቸው በፊት ሰውየውን የሚደግፍ ሰው ከጎኑ ያስቀምጣሉ፤ ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ሐዘንተኛው አንድ ጉርሻ እንኳ ሳይቀምስ አይነሱም። አንዴ ለአንድ ገበሬ ነግረው እስኪቀምስ ድረስ ሁለት ቀን ቤቱ እንደተቀመጡ ይነገራል። ቀይ ሽብር ከገባ ወዲህ ግን መርዶ መንገር ትተዋል። ሞቱ በካርቶን ይለጠፋል፤ ምን መርዶ ያስፈልገዋል?

ኡሙሃኒ ስትነግራቸው ሸሁ ተርበተበቱ። «አዑዙ ቢላሂ! ለዚህች ለሕፃን? እንኳን አሁን፣ በደጉም ጊዜ ተነግሮ አያውቅም። ደግሞ ዘመኑን ታውቂዋለሽ ልጄ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ለመጋዘን አልሆንም።»

«ለመጋዘን የሚሆን ማን አለ? ሰላሁዲን ለመንገድ ዳር የሚሆን ነበር?» አለች። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በደህና ቀን መርዶ ነግረው፣ ተመስግነው፣ ዛሬ መርዶው ከባድ ሲሆን ተውኩት? ቀላሉንማ ማንም ይነግረዋል! ለእኔ እናቴ መሞቷን የነገረችኝ በገመድ የተጣላኋት ልጅ ናት። ሽማግሌ የት ነበር ያኔ? ለልጅ አይነገርም ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ነበር! እርስዎ ካልነገሯት ነገ ከነገ ወዲያ አንዱ ዱርዬ ይነግራታል፤ እየሳቀ ይነግራታል!»

ሸሁ ሙስበሐቸውን ቆጠሩ። ኡሙሃኒ ጥላቸው ወጣች። በሩን እንዴት እንደዘጋችው ጎረቤት ይመስክር።

ሰኞ ሊነጋጋ ሲል መዲና አሲያን በጀርባዋ አዝላ መጣች። ኡሙሃኒ አዳራሹን ከፍታ፣ ሰሌን አንጥፋ፣ በሳህን የማሽላ ገንፎ አቅርባ ጠበቀች። አለሙ መጋዘኑ በር ላይ ጠበንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል፤ አያቸው፣ ከቦታው አልተነሳም። ሸሁ የሉም። ኡሙሃኒ በሆዷ ስትራገም የግቢው በር ሲጥጥ አለ። ነጭ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እንደ ድሮው ሆነው ገቡ። «አሰላሙ አለይኩም» አሉና ከልጅቱ ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።

እንደ ልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ። «ልጄ፣ ሰው ሁሉ የአላህ ነው፣ ከአዳም ጀምሮ ሰው ሆኖ የቀረ የለም...» አሲያ በጎደጎደ ዐይኗ አፈጠጠችባቸው። ሸሁ አቋረጡ።

«አሲያ፣ አባትሽ ሰላሁዲን ሞቷል» አሉ። «አልተኛም። አሰብም አልሄደም። ገድለውት ነው የሞተው።»

«መንገዱ ላይ?»

«አዎ፣ መንገዱ ላይ ያየሽው ጊዜ ሞቶ ነበር።»

«ብቀሰቅሰውስ?»

«አገር ቢጮህበት አይነሳም ነበር፣ ልጄ። ሞት እንቅልፍ አይደለም። የተኛ ይነቃል፣ የሞተ አይነቃም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋነው እኛ ነን፣ የዋሸንሽ።»

«አይመጣም?»

«አይመጣም።»

አሲያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ማልቀስ ይቻላል?» ብላ ጠየቀች።

ይህን የሰማ ጆሮ እንዴት ጤና ይኖረዋል? ልጅ አባቷ ሞቶ ማልቀስ ይቻላል ወይ ብላ ፈቃድ ስትጠይቅ! መዲና አፏን በነጠላዋ አፈነች፤ አልሆነላትም። «ይቻላል!» ያለችው ኡሙሃኒ ናት፤ ጮኻ ነው ያለችው። «እንደፈለግሽ አልቅሺ! ማን ነው የሚከለክልሽ? ይምጣ!»

አሲያ አለቀሰች። መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ከዚያ «አባዬ! አባዬ!» ሆነ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እናትና ልጅ ተቃቅፈው የሁለት ወሩን አወረዱት። መጋዘኑ ውስጥ ካሉት እስረኞች አንዱ አብሮ አለቀሰ፣ ከዚያ ሌላው። ከአጥሩ ማዶ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። ለማን እንደምታለቅስ አላህ ይወቅ፤ ያን ዓመት ያልተለቀሰለት በየቤቱ ነበር።

አለሙ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ኡሙሃኒ ደረቷን ሰጥታ ተጋረጠችበት። እሱ ግን ልጅቱን አያት፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ፤ ዞሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ተሾመ የደረሰው ፀሐይ ወጥቶ ነው፤ ማን እንደጠራው አይታወቅም። ሽጉጡን ታጥቆ፣ ሸሚዙን በትክክል ሳይቆልፍ ገባ።

«ምን ስብሰባ ነው ይሄ? ለፀረ አብዮተኛ ነው የሚለቀሰው? ተነሱ! ሽማግሌው፣ ይነሱ!»

እነዚያ ለመጋዘን አልሆንም ብለው የፈሩ ሽማግሌ ንቅንቅ አላሉም። «ልጅቱ ሳትቀምስ አልነሳም» አሉ። «ሕጌን ታውቀዋለህ፣ ተሾመ። የአባትህን መርዶ የነገርኩህ እኔ ነኝ። አንተም ጉሮሮው እንደተዘጋ አህያ አልበላም ብለህ እስከ ማታ አስቀምጠኸኛል። አልተነሳሁብህም።»

የተሾመ ፊት ቀላ። ሸሁን መንካት አልቻለም። ገንፎውን፣ ልጅቱን፣ እናቲቱን አየ። ሰው ሲያፍር የሚቆጣበት ይፈልጋል፤ ኡሙሃኒን አገኘ። «አንቺ ነሽ!» አላት።

«እኔ ነኝ!» አለች። «እኔ ጠራኋቸው፣ እኔ በሩን ከፈትኩ፣ እኔ ፈቀድኩ። እነሱ ተጠርተው ነው የመጡት። የምታስረኝ ከሆነ ቶሎ በል፤ ልጆች ሊመጡ ነው፣ እንዲያዩህ አልፈልግም።»

ወደ መጋዘኑ እየወሰዷት ዘወር ብላ አየች። አሲያ ከሸሁ እጅ አንድ ጉርሻ ወሰደች፤ ሁለተኛውን ሳትውጥ እናቷ ጭን ላይ ተኛች። ልጆቹ መጥተው ጮኹ፣ ዘመሩ፣ ፋፋቸውን በሉ፤ እሷ አልሰማችም። ማታ መዲና አዝላት ስትሄድም አልነቃችም ነበር።

ኡሙሃኒ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰረች። የደረሰባትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ እግሯ ከዚያ በኋላ ቀጥ ብሎ አልሄደም። ሥራዋንም አልመለሱላትም፤ ጎብዬ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትቸረችር ኖረች፤ እዚያም ከሁሉ ተጣላች። ይህን ሁሉ ልተወውና የአሥራ አንደኛውን ቀን ልንገራችሁ።

ከሰዓት በፊት ነው። ኡሙሃኒ ዐይኗን ቆርቆሮው ሽንቁር ላይ አድርጋ ልጆቹን ታያለች። አገዳቸውን ይዘው መጡ፤ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሳይሆን ግቢው መሐል። ደምሴን አቆሙት። «ጠሽ!» አሉት። ወደቀ። ካርቶኑን አደረጉበት። ኡሙሃኒ ግንባሯን ከቆርቆሮው ጋር አጋጨችው። ይኸው፣ ሁሉም ለከንቱ ነበር አለች። ልጆቹ ሊሄዱ ዞሩ። አሲያ ግን አልሄደችም። ከፋፋው ድስት ጎን ከተሰጣው ልብስ አንድ ነጠላ ጎትታ አመጣችና ደምሴን አለበሰችው።

«ተነስ በይው፣ ተኝቶ ነው» አላት አንዱ።

«አልተኛም» አለች አሲያ። «ሞቷል። የሞተ አይቀሰቀስም። ይለቀስለታል። ኑ፣ ቁጭ በሉ።»

ቁጭ አሉ። አገዳቸውን መሬት ጣሉ። አንዷ ጀመረች፣ ሌላው ተቀበለ፤ ከዚያ ሁሉም በሰማያዊ ሽርጣቸው ደረታቸውን እየደቁ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ያን ዓመት ማንም ትልቅ ሰው በቆቦ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሱ። ነጠላው ሥር ደምሴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ይንቀጠቀጣል።

ተሾመ ከጽሕፈት ቤቱ ዘሎ ወጣ። «ማነው የሚያለቅሰው? ለማን ነው?»

አለሙ መጋዘኑ በር ላይ ነበር። «ልጆች ናቸው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ጨዋታ ነው» አለ። ልጁን ነጠላ ሥር እያየ ነው የተናገረው።

«ለቅሶ ተከልክሏል አልተባለም?»

ኡሙሃኒ መጋዘኑን በሁለት እጇ ደበደበችው። ድምጿ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ። «ጻፋቸው፣ ተሾመ! ከሟቹ ጋር አርባ ሁለት ብለህ ጻፍ! እሰራቸው! መጋዘኑ ይበቃቸዋል፤ እኔ ጠጋ እላለሁ!»